የይስማው ፋንታ

ኅዳር 10፣ 2007፣ ረቡዕ

መብራት የለም። ጠዋቱን ሙሉ ማዘጋጃ ቤት ቁጭ... አንድ ሰውዬ አጥሩን ጎረቤቱ ላይ ገፍቶ አጥሮ፣ "ድሮም እዚሁ ነበር" እያለ ይምላል። ሄጄ ሜትር ጣልኩ። ገፍቷል። አፍርስ አልኩት። "ኮሪያ ደርሳ መጣችና አገር ልታፈርስ!" ብሎ ጮኸብኝ። ሳቄን ዋጥኩት። ኮሪያ፣ ሱወን ከተማ ተምሬ ከተመለስኩ ወዲህ ቢቸና ያወጣችልኝ ስም "ኮሪያዋ" ነው። ስርጉት ብላ የምትጠራኝ እማዬ ብቻ ናት።

ማታ ምስር በላን። ጨው በዝቶበታል።

ኅዳር 12፣ ዓርብ



ፋንታ ዛሬ ቢሮዬ መጣ። ፋንታ! ጋቢውን አጣፍቶ፣ ከዘራውን ጠረጴዛዬ ላይ አስደግፎ፣ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። አብረውት መሪጌታ ወልደ ሰንበት አሉ፣ የዋንዛ ሜዳ ቂርቆስ የቅኔ መምህር። ዋንዛ ሜዳ ከሞጣ በእግር የሚኬድ አገር ነው። የተወለድኩበት። የቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ፈርሶ አዲስ ግንብ ሊያሠሩ ነው። የኮሚቴው ሰብሳቢ... እሱ! ፕላን እንድሠራላቸው ፈለጉ።

"ባሕር ተሻግራ የግንብ ትምህርት ተምራለች ቢሉን ነው የመጣነው፣ የኔ ልጅ" አለኝ።

የኔ ልጅ! አላወቀኝም። እንዴትስ ያውቀኛል? ከዚያ ስወጣ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ወረቀቴ ላይ ያለውም ስርጉት ቀለሙ ነው። ቀለሙ ያሳደገኝ አጎቴ ነው፣ የእማዬ ወንድም። ትምህርት ቤት ሲያስገባኝ በስሙ አስመዘገበኝ።

ለራሴም ቢሆን አንዴ ልጻፈው። በ89ኙ የመሬት ድልድል ስብሰባ ተጠራ። ደርግን ያገለገለ "ቢሮክራት" ይባልና መሬቱ ይቀነሳል። አባዬ በደርግ ጊዜ ለገበሬ ማኅበሩ አንድ ዓመት ቃለ ጉባኤ ጽፏል፤ ቄስ ትምህርት ቤት ስለተማረ ጻፍ አሉት፣ ጻፈ። ፋንታ ደግሞ የማኅበሩን ጠመንጃ ተሸክሞ ሲያስፈራራ የነበረ ነው። በዚያ ስብሰባ ከአባዬ ጋር አንድ ግንድ ላይ ተቀምጠው ነበር። ፋንታ ብድግ አለና ጣቱን ቀሰረ። "ቢሮክራቱ ይኼ ነው! ይስማው ነው!" አለ።

አራት ቃዳ፣ አንድ ሄክታር ያህል ብቻ ቀረልን። ከቤተ ክርስቲያኑ ሥር ያለችው ማሳችን ለፋንታ ተሰጠች። በዚያው ክረምት አባዬ ራሱን አጠፋ። ፍትሐት አልተደረገለትም። ከቅጽር ውጪ ተቀበረ። እማዬ እጄን ይዛ ቢቸና ገባች። አለቀ።

"እሺ፣ እመጣለሁ" አልኳቸው።

መሪጌታ ሲወጡ ትክ ብለው አዩኝ። "የአባትሽ አገር ወዴት ነው፣ ልጄ?"

"እዚሁ ቢቸና።"

ዋሸሁ።

ኅዳር 13፣ ቅዳሜ

ለእማዬ ነገርኳት። ምስር እየለቀመች ነበር። እጇ ቆመ።

"አለ እንዴ እስካሁን?"

"አለ። ደህና ነው። ወፍሯል።"

መልቀሟን ቀጠለች። ቆይታ፣ "ትሄጃለሽ?" አለችኝ።

"እሄዳለሁ።"

"ምን ልታደርጊ?"

"እንጃ።"

"እንጃስ አይደለም" አለች።

ኅዳር 20፣ ቅዳሜ

ዋንዛ ሜዳ ደርሼ መጣሁ። ኮረኮንቹ ወገቤን ሰብሮታል።

ፋንታ ራሱ እየመራ አዞረኝ። ሕዝቡ ከመንገድ እየወጣለት እጅ ይነሣዋል። "ለግንቡ ከሁሉ በላይ የሰጡት እኮ እሳቸው ናቸው" አሉኝ። ማሳችንን ባሕር ዛፍ ተክሎበታል። ጫካ ሆኗል።

"ከቤተልሔሙ ጀርባ ጀምሮ ቀጥ ብሎ ይውረድ" አለኝ በከዘራው እያሳየ። "ዛፌን ብቻ እንዳይነካ።"

ከዛፎቹ መሀል የድንጋይ ክምር አየሁ። አጎቴ ቀለሙ ሲከምረው አጠገቡ ቆሜ ነበር። ጠጠር ያቀበልኩት እኔ ነኝ።

"ያ ድንጋይ ምንድን ነው?"

"እሱ? ምንም አይደል። ራሱን ያጠፋ ሰው ነው። ከቅጽር ውጪ ነው፣ አያስቸግርሽም።"

"ስሙ ማን ነበር?"

ጢሙን አከከ። "እንጃ... የድሮ ነገር ነው። ረሳሁት።"

ረሳሁት! ከአባዬ ጋር በአንድ ማኅበር ጽዋ ሲቀባበሉ የኖሩ ሰዎች... "የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም" ሲሉ ተረት ብቻ ይመስለኝ ነበር። ሜትሩን አጠፍኩ። ውኃ እንኳ ሳልቀምስ ተመለስኩ። መኪናው ውስጥ ሆኜ ቤቱን በሐሳቤ ስንት ጊዜ አቃጠልኩት!

ኅዳር 21፣ እሑድ

ቅዳሴ አልሄድኩም። በዚህ ልብ?

ከሱወን ያመጣሁትን ኮፒ አውጥቼ ስገልጥ ዋልኩ። የሱወንን ምሽግ አሠራር የመዘገበው የቤተ መንግሥት መጽሐፍ። የመመረቂያ ጽሑፌን የሠራሁበት። ድንጋዩ፣ ጡቡ፣ ድንጋይ ማንሻው በሥዕል፣ የግንበኞቹ ስም... ቅጽል ስማቸው ሳይቀር። ምሽጉ በጦርነት ፈርሶ መልሰው ያቆሙት ይኼን እያዩ ነው።

ዛሬ ግን ያነበብኩት ስለ ድንጋዩ አይደለም። ስለ ንጉሡ ነው። አባቱ ልዑል ሳዶ ይባላል። የንጉሡ አያት፣ የሳዶ የገዛ አባቱ፣ ሩዝ ማስቀመጫ ሳጥን ውስጥ አስቆልፎበት ሞተ። ነገር ሠሪዎቹ የቤተ መንግሥት ሰዎች ነበሩ ይባላል። ልጁ ያኔ አባዬ ሲሞት ከነበርኩት ከእኔ ብዙም አይበልጥም። አድጎ ዘውድ ሲጭን፣ እነዚያው ሰዎች ፊቱ ተደርድረው ቆመው፣ መጀመሪያ ምን አለ? "የሳዶ ልጅ ነኝ።" አስተማሪያችን ይኼን ሲናገሩ ክፍሉ ውስጥ ብቻዬን አለቀስኩ። ናፍቆት መሰላቸው።

ከዚያ የአባቱን መቃብር አስነሥቶ ወደ ሱወን አመጣው። ምሽጉንም እዚያው አቅራቢያ ሠራ። መስመሩ ሲሰመር የድሆች ቤት ሊፈርስ ሆነ። ንጉሡ አየና፣ ሦስት ጊዜም ቢታጠፍ ይታጠፍ፣ ቤታቸው አይፍረስ አለ። ግንቡ ጎብጦ አለፈ። በእግሬ ሄጄበታለሁ።

ግንብ ይጎብጣል። ስንት ዓመት አንብቤው ዛሬ ገና ገባኝ!

ታኅሣሥ 4፣ ቅዳሜ

ሰማው ከሚባለው ግንበኛ ጋር መሬቱን ስናስቆፍር ዋልን። ፋንታ በሚፈልገው መስመር ላይ ብዙም ሳንወርድ አለት አገኘን። ደህና መሬት ነው። ምናለ መረሬ፣ ያ የሚሰነጠቅ ጥቁር አፈር ቢሆን!

ማታ ቁጭ ብዬ ጻፍኩት። "መሬቱ መረሬ ነው፤ ግንብ አይሸከምም፤ መስመሩ ወደ አቶ ፋንታ ይዞታ መውጣት አለበት።" ማን ያውቅብኛል? ባለሙያዋ እኔ ነኝ። ሰማውም ዝም ይልልኛል።

ደግሜ አነበብኩት። አንድ ዓረፍተ ነገር ናት። ፋንታም ያን ቀን የተናገረው ከዚህ አይበልጥም...

ቀደድኩት። ለፋንታ አዝኜ አይደለም! የእሱን መሣሪያ መያዝ ጠልቼ ነው። በእውነት ነው የማቃጥለው።

ታኅሣሥ 19፣ እሑድ

መሪጌታ ደወሉ። ፕላኑን ለጥር ቂርቆስ ይዤ እንድመጣ፣ ሕዝቡ ባለበት እንዲታይ። እሺ አልኩ። ሊዘጉ ሲሉ፣

"የአባትሽን ስም ታውቂዋለሽ?" አሉኝ።

"አውቀዋለሁ፣ የኔታ።"

"እንግዲያስ ስትጠሪው ጮክ በይ። ሁሉም ይስማው።"

ስልኩን ካስቀመጥኩ በኋላ ነው የበራልኝ። ይስማው! ሽማግሌው አውቀውኛል። የቅኔ ሰው... ከመቼ ጀምሮ? ቢሮዬ ከገቡ ጀምሮ ይሆን?

ጥር 16፣ ቅዳሜ

ትናንት ሆነ። አንዱም እንዳይጠፋብኝ ልጻፈው።

ታቦቱ ገብቶ ሕዝቡ ዋንዛው ሥር ተሰብስቧል። ፋንታ ከፊት፣ ጥላ ተይዞለት። ሚስቱ ይርጋነሽ ከሴቶቹ መሀል። መሪጌታ ተናገሩና "እስቲ ኢንጂነሯ" አሉ። ፕላኑን እንደተጠቀለለ ይዤ ቆምኩ።

"ከማሳየቴ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅ። ግንቡ የሚፈልገውን ኮሚቴው ይሰጣል?"

ፋንታ ብድግ አለ። "ለቂርቆስ? እኔ ፋንታ ለቂርቆስ የምሰስተው የለኝም!"

እልል ተባለ።

"ዛፍም ቢሆን?"

"ዛፍም ቢሆን!"

"መሬትም ቢሆን?"

"መሬትም ቢሆን! ሕዝበ ክርስቲያኑ ይመስክርብኝ!"

እልልታው ቀለጠ። እኔም አብሬ እልል ልል ምንም አልቀረኝ። ፕላኑን ዘረጋሁት፤ መሪጌታ አንዱን ጫፍ ያዙልኝ። መስመሩ ቀጥ ብሎ ይወርድና ባሕር ዛፉ ጋ ሲደርስ ወደ ውጪ ይወጣል፣ ይዞራል፣ ተመልሶ ይገባል።

ፋንታ ጎንበስ ብሎ አየ። "ይኼ ጉብጠት ምንድን ነው? እዚያ እኮ ምንም የለም።"

"አባቴ አለ።"



"የይስማው ልጅ ነኝ" አልኩ። ጮክ ብዬ።

ከኋላ አንዲት ሴት "ውይ!" አለች። ይርጋነሽ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ፋንታ ሊቀመጥ ፈልጎ ወንበሩን ሳተው፤ ደግፈው አስቀመጡት። "ራሱን ያጠፋ... ሥርዓቱ አይፈቅድም..." እያለ መሪጌታን ያያቸዋል።

መሪጌታ አልተቆጡም። "ሬሳ አውጥተን አላስገባን። የሰፋው ቅጽሩ ነው። ከውስጥ ያለውን ባለቤቱ እግዚአብሔር ይፍረድ" አሉ። ዞር ብለውም፣ "ፋንታ፣ ሰጥተሃል ወይስ አልሰጠህም?"

ሰው ሁሉ ያየዋል። ያኔ አባዬን እንዳየው።

"...ሰጥቻለሁ።"

ጣፈጠኝ። እንደ ማር ነው የጣፈጠኝ። ኃጢአት ከሆነም ይሁን! ፕላኑ ግርጌ ላይ ስርጉት ይስማው ብዬ ፈረምኩ።

የካቲት 14፣ ቅዳሜ

ዛፎቹ ዛሬ ተቆረጡ። ሥራዬ አልነበረም፤ ልይ ብዬ ሄድኩ። ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ዳቦዬን እየገመጥኩ አየሁ። ፋንታ ራሱ ቆሞ ያስቆርጣል። አንዱ ዛፍ በወደቀ ቁጥር ትከሻው ዝቅ ይላል። መሬቱ ድም ይላል። ደስ ሲል!

ይርጋነሽ እንሥራ አዝላ በአጠገቤ አለፈች። ቆመች።

"ደስ አለሽ?"

"አዎ።"

"እንኳን ደስ ያለሽ" አለችኝና ሄደች። ምርቃት ነው እርግማን? እስካሁን አልገባኝም።

የካቲት 25፣ ረቡዕ

ፋንታ ቢሮ መጣ። ብቻውን። ከሳ።

"ስሙን አልረሳሁትም" አለኝ ገና ሳይቀመጥ። "አንድም ቀን ረስቼው አላውቅ። ያን ዕለት ስብሰባውን የመራው ካድሬ ያየው ወደ እኔ ነበር። ጠመንጃ የያዝኩት እኔ ነኛ። ዝም ብል እኔ ነበርኩ። ልጆች ነበሩኝ።"

"አባቴም ልጅ ነበረችው።"

"አውቃለሁ።"

"መሬቱንስ? ካድሬው ነው ውሰድ ያለዎት?"

ከዘራውን ጠረጴዛው ላይ አስደገፈ። ከዚያ፣ "ይቅር በይኝ" አለ። ቀስ ብሎ።

ይኼን ቃል ቢለኝ ምን እንደምመልስለት ስንት ዓመት ሳዘጋጅ ኖሬ... "ባለጉዳይ እየጠበቀኝ ነው፣ ይውጡልኝ" አልኩት። ማንም አልነበረም።

ከዘራውን ረስቶ ወጣ። ደረጃውን ግድግዳ እየያዘ ሲወርድ በመስኮት አየሁት። አልጠራሁትም።

መጋቢት 19፣ ቅዳሜ

ግንቡ ወገብ ደርሷል። ኮሚቴው በሩ ላይ የሰጪዎች ስም እንዲቀረጽ ፈለገ። ሱወን በሮቹ ላይ የግንበኞቹም ስም ተቀርጿል አልኳቸው። ሰማው ደስ አለው። ስሙን ከነአባቱ ሊቀርጽ ነው።

ለጉብጠቱ ግን ለብቻው ድንጋይ አዘዝኩ። ቃሉን መሪጌታን ለመንኳቸው። ብዙም አላሰቡ።

"ይህ የይስማው ፋንታ ነው፣ በዪ" አሉኝ።

ሦስቴ በሆዴ አልኩት። ለመንገደኛ፣ የይስማው ድርሻ ማለት ነው፤ ማንንም አያስቀይም። ለአገሬው ግን... ፋንታን ከይስማው የሚያላቅቀው የለም፣ ግንቡ እስካለ ድረስ! ሰማው መሮውን ይዞ ሲስቅ እንባው ወረደ። መሪጌታ ግን አልሳቁም። "ቅኔ ያቆስላል፣ ልጄ። እያወቅሽ አስቀርጪው" አሉኝ።

እያወቅኩ አስቀረጽኩት።

ሚያዝያ 13፣ ማክሰኞ

ትንሣኤ ባለፈ በሳምንቱ ሽማግሌዎች እኛ ቤት መጡ። ፋንታ የላካቸው። ድንጋዩ ይነሣልኝ ይላል። የቄስ ተማሪዎች ፊደል ማጥኛ አድርገውታል አሉ። "የይስማው ፋንታ! የይስማው ፋንታ!" እያሉ ሲያልፍ ይከተሉታል። አሁን ዞሮ በወዲያኛው በር ነው የሚሳለመው።

"ሌላውን ሁሉ ቻለው። ይኼን ብቻ አንሺለት" አሉኝ።

"ስሙ ግንብ ላይ እንዲጻፍ የፈለገው ራሱ ነው።"

"ልጄ፣ የሞተ አይመለስ..."

"አላነሣም።"

ጠላ ቀርቦላቸው ሳይቀምሱ ተነሡ። እማዬ ከጓዳ ሆና ሁሉን ሰምታለች። ጎበዝ ትለኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ሰሐኑን ስታነሣሣ ቆይታ፣

"ውሰጂኝ" አለችኝ።

"የት?"

"ይስማው ጋ።"

ከዚያ ወጥተን ከመጣን ወዲህ የመንደሩንም የአባዬንም ስም ጠርታ አታውቅ!

ግንቦት 8፣ ቅዳሜ

እማዬን ወሰድኳት።

ግንቡ አልቋል። ያምራል። ከሩቅ ሲታይ ጉብጠቱ ሕፃን እንዳቀፈ የሰው ክንድ ነው። ላሳያት ስጣደፍ ቀና ብላም አላየችው። ድንጋዩንም አላነበበችው። "የታለ?" ብቻ።

"ይኸውልሽ።"

ታለቅሳለች ብዬ ክንዷን ልይዝ ተጠጋሁ። ገፋችኝ። መሬት ላይ ቁጭ አለች። በመዳፏ መቃብሩን መታችው። ደግማ መታችው።

"አንተ! መሬት ወሰዱብህ። እኔንስ ማን ወሰደኝ? ነበርኩ አይደል? ልጅህስ አልነበረችም? አራት ቃዳ ይበቃን ነበር! እስቲ አንድ ቀን፣ አንድ ቀን እንኳ ምን እናድርግ ብለህ አማከርከኝ?"

ድንጋዩን እየመታች ነው የምትናገረው። እኔ ግንቡን ተደገፍኩ።

"ያልመጣሁት ፋንታን ጠልቼ መሰለሽ?" አለችኝ ሳትዞር። "ይኼን ሰውዬ ነው። ይኼን ተቀይሜ ነው።"

ይኼን ሁሉ ድንጋይ ሳስቆልል እሷን አንድ ቀን ጠይቄያት አላውቅም። ንዴቷ የእኔው ንዴት ይመስለኝ ነበር... ደግሞስ እኔ? ይርጋነሽን፣ ካድሬውን፣ ካህናቱን ሁሉ ረግሜያለሁ። እሱን አንድም ቀን...

ብዙ ቆየች። ከዚያ ነጠላዋን አራግፋ ተነሣች። ፊቷ ቀለል ብሏል። የታመመች ሰው ላብ ሲወጣላት እንደሚሆነው።

"ውኃ ጠማኝ" አለች።

ፀሐዩ አናት ይበሳል። ቅርብ ያለው ቤት የፋንታ ብቻ ነው። "ትንሽ ታገሺ፣ መሪጌታ ጋ..." ስላት ቀድማኝ ሄዳለች። "ቤቶች! ይርጋነሽ!" አለች ከደጅ፣ ትናንት የተለያዩ ይመስል።

ይርጋነሽ ወጣች። አየቻት። ገብታ በጣሳ ውኃ አመጣች። ፋንታ በረንዳው ላይ ነበር፤ ተነሣ፣ መቀመጥም መሄድም አቅቶት እዚያው ቆመ። እማዬ ጣሳውን አንጠፍጥፋ ጠጣች። አፏን ጠረገች። አየችው።

"አርጅተሃል፣ ፋንታ።"

"አንቺም፣ ማናለሽ።"

ይርጋነሽ ጣሳውን ሞልታ ወደ እኔ ዘረጋችው። በሁለት እጇ። ሦስቱም ያዩኛል።

"በቃኝ" አልኩ።

እስከ ሞጣ ድረስ እማዬ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ጉሮሮዬ ደርቆ ነበር። በጣም ጠምቶኝ ነበር።